ክንዱ የበረታ፣ መቼቱ የሳሳ፦ የኢንዶኔዥያው «ዘ ሬይድ» ፊልም ሂሳዊ ዳሰሳ

«ዘ ሬይድ» የተሰኘው የኢንዶኔዥያ አክሽን ፊልም እ.ኤ.አ. በ2011 በቶሮንቶ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ ታይቶ በእኩለ ሌሊት ፊልሞች ዘርፍ የተመልካቾችን ሽልማት ይዞ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ሲከፈት ግን ስመ ጥሩው ሃያሲ ሮጀር ኢበርት ከአራት ኮከብ አንድ ብቻ ሰጠው፤ ታሪክም፣ ገጸ ባሕርይም፣ ሰብአዊነትም ለማይጠይቅ ተመልካች የተሠራ ነው ሲል ነቀፈው። ከዚያ ወዲህ በፊልሙ ላይ የሚሰነዘር አስተያየት በአመዛኙ ከእነዚህ ሁለት ጎራዎች ወደ አንዱ ያዘነብላል። አንዱ ወገን ድብድቡን እያደነቀ የታሪኩን መሳሳት በዝምታ ያልፋል፤ ሌላው ታሪኩን እየነቀፈ ድብድቡን ከጥበብ አይቆጥርም። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ከሁለቱም ይለያል። የፊልሙ ጥንካሬና ድክመት በሁለት ዓምድ ተዘርዝረው የሚደመሩና የሚቀነሱ ነጥቦች አይደሉም፤ ሁለቱም የተወለዱት ከአንድ ውሳኔ ነው። ፊልሙ የሰውን ገላ ሙሉ በሙሉ አምኖበታል፤ ያ ገላ ያደገበትን አገርና ማኅበረሰብ ግን ዘንግቶታል። ይህን በአማራ ክልል ከሚገኘው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና ከከተማው ከከሚሴ አንጻር ሆኖ መመርመር የራሱ ፋይዳ አለው፤ አካባቢው ፊልሙ የያዘውንም የጣለውንም ለመመዘን የሚያስችል የራሱ ባህልና የቅርብ ጊዜ ታሪክ አለውና።

ፊልሙ የተወለደው ከገንዘብ እጦት ነው። ዳይሬክተሩ ጋሬዝ ኤቫንስ የዌልስ ተወላጅ ሲሆን በኢንዶኔዥያ የመጀመሪያ ሥራው ፐንቻክ ሲላት ስለተባለው የአገሬው የትግል ጥበብ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነበር። በዚያ ሥራ ላይ ሳለ በአንድ የቴሌኮሙኒኬሽን ድርጅት በሾፌርነት ይሠራ የነበረውን ኢኮ ኡዋይስን አገኘ። ኡዋይስ ሲላትን የተማረው በቤተሰቡ ውስጥ ነው፤ አያቱ የአንድ ሲላት ቤት መሥራች፣ አጎቱ ደግሞ አስተማሪው ነበሩ። ሁለቱ ተጣምረው እ.ኤ.አ. በ2009 «መራንታው»ን ሠሩ። ቀጥሎ ኤቫንስ የወጠነው ሰፊ የእስር ቤትና የወሮበሎች ታሪክ ገንዘብ ሊያገኝ ስላልቻለ፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅና 1.1 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ የሚበቃው ድርሰት ጻፈ። ሴራው አጭር ነው። ሃያ ያህል የልዩ ኃይል ፖሊሶች ታማ (ሬይ ሳሄታፒ) የተባለ የዕፅ ነጋዴ የሚገዛውን የጃካርታ ሕንፃ ማልደው ሰብረው ይገባሉ፤ ገብተውም ይከበባሉ። ዘመቻው የበላይ አካል የማያውቀው፣ ዋህዩ የተባለው አለቃቸው በራሱ ጥቅም የሸረበው መሆኑ ይጋለጣል። ራማ የተባለው ጀማሪ ፖሊስ (ኡዋይስ) የቆሰለ ባልደረባውን ተሸክሞ መውጫ ይፈልጋል፤ ከታማ ሁለት ታማኞች አንዱ አንዲ ደግሞ የራማ ወንድም ነው።

የመጀመሪያው ጥንካሬ ካሜራው ለገላ ያለው አክብሮት ነው። በብዙዎቹ የዘመኑ አክሽን ፊልሞች ድብድብ የሚፈጠረው በአርትዖት ነው፤ ተዋናዩ መምታት ስለማይችል ምስሉ ይቆራረጣል፣ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ተመልካቹ የቡጢውን ድምፅ ሰምቶ ቡጢውን ሳያይ ያልፋል። «ዘ ሬይድ» ውስጥ ካሜራው ራቅ ብሎ ተፋላሚዎቹን ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ያሳየናል፤ ምቱ ከየት እንደተነሣ፣ በምን በኩል እንደዞረና የት እንዳረፈ በግልጽ ይታያል። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። የድብድቡ ቀማሪዎች ራሳቸው ተዋናዮቹ ኡዋይስና ያያን ሩሂያን ናቸው፤ ከዋናው ቀረጻ በፊት ድብድቦቹን በትንሽ ካሜራ እየቀረጹ ማዕዘኑንና ቅደም ተከተሉን አስቀድመው አጥንተዋል። አርታኢውም ኤቫንስ ራሱ በመሆኑ በልምምድ የታሰበው ሳይበረዝ መጨረሻው ላይ ደርሷል። ስለዚህ በአነስተኛ ገንዘብ የተሠራ ፊልም በብዙ እጥፍ ገንዘብ የተሠሩትን ሊያስንቅ የቻለው በዝግጅት ጊዜና በባለሙያ ገላ ነው።

ገላው ገጸ ባሕርይ የሚሠራበትን መንገድ ለማየት ማድ ዶግ በሚል ቅጽል ስም የሚጠራው የታማ ገዳይ (ሩሂያን) እና ጃካ የተባለው የፖሊስ ጭፍራ መሪ (ጆ ታስሊም) የሚገናኙበትን ትዕይንት መውሰድ ይበቃል። ማድ ዶግ ሽጉጥ ደግኖ ጃካን ወደ አንድ ክፍል ያስገባዋል። እዚያው ተኩሶ ሊጨርሰው ሲችል ሽጉጡን ያስቀምጣል፤ በጥይት መግደል ደስታ እንደማይሰጠውም ይነግረዋል። በዚህች አንዲት ድርጊት ሰውየው ማን እንደሆነ ብዙ ገጽ ምልልስ ሊነግረን ከሚችለው በላይ ተነገረን፦ መግደል ለእርሱ ሥራ አይደለም፣ ሱስ ነው። ከዚያ በሚከተለው ትንቅንቅ የሁለቱ ስልት ይለያያል። ለዓመታት በኢንዶኔዥያ ብሔራዊ ቡድን ጁዶ የተወዳደረው ታስሊም ባላጋራውን አንሥቶ ለመጣል ይሞክራል፤ ቁመቱ ያጠረው፣ ሰውነቱ የከሳው ሩሂያን ደግሞ እየተጠጋ በክርንና በጉልበት ይቀጠቅጠዋል። ፖሊሱ የሚታገለው ለመገላገል ነው፤ ገዳዩ ግን እንዲያልቅበት የማይፈልግ ይመስላል። ኢበርት ገጸ ባሕርይ የለም ያለው እዚህ ላይ አልሠመረለትም፤ ገጸ ባሕርዩ በቃል ስላልተነገረ የለም ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ጥንካሬ ጠባብ ቦታን ወደ ልብ ሰቀላ መለወጡ ነው። ኮሪደሩ፣ ደረጃው፣ በመጥረቢያ የሚቀደደው ወለል ሁሉ የታሪኩ ተሳታፊ ናቸው። ከሁሉም የላቀው ግን ማንም ቡጢ የማይሰነዝርበት ትዕይንት ነው። ራማና የቆሰለው ባልደረባው በአንድ ተከራይ ቤት ከግድግዳ ጀርባ ይደበቃሉ። ቆንጨራ የያዙት አሳዳጆች ቤቱን ይፈትሻሉ፤ አንዱ ግድግዳውን በቆንጨራ ይወጋጋል። ስለቱ አልፎ የራማን ጉንጭ ይሰነጥቀዋል። ራማ አይጮህም፤ ስለቱ ተመልሶ ሲሳብ ደም ይዞ እንዳይወጣና እንዳያጋልጠው እየጠረገ ይሸኘዋል። እዚህ ላይ ፊልሙ ከጉልበት ይልቅ ትዕግሥትንና ብልሃትን ያስከብራል። የአሳዳጁ እጅ፣ ስለቱና የተደበቀው ሰው ፊት በጥቂት ምስሎች ተሳስረው ተመልካቹን ትንፋሽ ያሳጥሩታል። ፊልሙ ድብድብ ብቻ የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ ይህን ትዕይንት መሥራት ባልቻለ ነበር።

ነገር ግን ድክመቱም የሚጀምረው ጥሩ ከሆነ ቦታ ነው። ፊልሙ የሚከፈተው ራማ ከንጋት በፊት ሲሰግድ ነው። ቀጥሎ ሲላት ይለማመዳል፤ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ተሰናብቶ ይወጣል። አብዛኛው ነዋሪዋ ሙስሊም በሆነባት ከሚሴ ይህን መክፈቻ የሚያይ ሰው ልዩነቱን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። በምዕራቡ አክሽን ፊልም ሰጋጅ ሰው በካሜራ ሲታይ ብዙውን ጊዜ የአደጋ ምልክት ሆኖ ነው፤ እዚህ ግን ሰላት የጀግናው የዕለት ተዕለት ሕይወት አካል ነው፤ ማንም ምክንያት አይጠይቅበትም። ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነበር። ችግሩ ፊልሙ ያን ሁሉ ከከፈተ በኋላ ተመልሶ አለማየቱ ነው። ንጋት ላይ የሰገደው ሰው በዚያው ቀን ብዙ ነፍስ ሲያጠፋ በእምነቱና በእጁ መካከል ምን እንደተፈጠረ አይጠየቅም። አያመነታም፣ አይጸጸትም፣ ዱዓም አያደርግም። ስለዚህ ሰላቱ ጀግናው ደግ ሰው መሆኑን ለማሳወቅ የተለጠፈ ምልክት ሆኖ ይቀራል። በሲላቱም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ዩኔስኮ የፐንቻክ ሲላትን ትውፊት እ.ኤ.አ. በ2019 በሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ራስን ከመከላከል በተጨማሪ መንፈሳዊና ሥነ ምግባራዊ ገጽታውን፣ ሙዚቃውንና ኪነ ጥበቡን አብሮ ጠቅሷል። ፊልሙ ከዚህ ሁሉ ምቱን ብቻ መዝዞ ወሰደ።

የመቼት ጉዳይ የባሰ ነው። ሕንፃው ጃካርታ ነው ይባላል እንጂ ማኒላ ወይም ሙምባይ ነው ቢባልም ከታሪኩ የሚጎድል ነገር አይኖርም። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ1998 ሱሃርቶ ከሥልጣን ከወረደ በኋላ ፖሊስን ከጦር ኃይሉ የለየች፣ በ2002 ደግሞ የፀረ ሙስና ኮሚሽን በሕግ ያቋቋመች አገር ናት። የዋህዩ ክህደት ከዚህ ታሪክ ጋር ቢተሳሰር ኖሮ ክብደት ባገኘ ነበር፤ እንደ ተሠራው ግን የአንድ ክፉ ሹም ጥፋት ብቻ ነው። የሕንፃው ነዋሪዎችም ሰው አልሆኑም። ፊልሙ ከመካከላቸው በቅርብ የሚያሳየን ለታመመች ሚስቱ መድኃኒት ይዞ የሚመጣውን ተከራይ ነው፤ እርሱም ሲሆን መደበቂያ ከሰጠ በኋላ ይረሳል። የተቀሩት በየበሩ ብቅ እያሉ የሚወድቁ ስም የለሽ ገላዎች ናቸው፤ ለምን እዚያ እንደሚኖሩ፣ ታማን ለምን እንደሚታዘዙ አይታወቅም። ሴቶችን በተመለከተ የራማ ሚስት አልጋ ላይ ትታያለች፣ የተከራዩም ሚስት አልጋ ላይ ትታያለች፤ ከዚያ ወዲያ ለሴት የተሰጠ ድርሻ የለም ማለት ይቻላል።

ለዚህ ነቀፋ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ የዘውጉ ጠባይ ነው። አክሽን ፊልም ልብ ወለድ አይደለም፤ ተመልካቹ የመጣው ድብድብ ሊያይ ነው፤ ታሪክ ሲበዛ ፍጥነት ይገደላል ይባላል። መከራከሪያው ግማሽ እውነት አለው። «ዘ ሬይድ 2» ሰፊ የወሮበላ ቤተሰቦች ታሪክ ጨምሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲረዝም፣ በመጀመሪያው ክፍል የነበረው ጥብቅነት ላልቷል። ነገር ግን መቼት ማለት ርዝመት አይደለም። የግድግዳው ትዕይንት ልብ የሚሰቅለው ተከራዩንና የታመመችውን ሚስቱን አስቀድመን ስላወቅናቸው ነው፤ ራማ ቢያዝ እነርሱም ያልቃሉ። ፊልሙ ለሁለት ሰዎች ጥቂት ደቂቃ ሲሰጥ ፍርሃቱ እጥፍ ሆነ። ሌላም ማስረጃ አለ። ሙሊ ሱሪያ የተባለችው ኢንዶኔዥያዊት ዳይሬክተር እ.ኤ.አ. በ2017 የሠራችው «ማርሊና» በሱምባ ደሴት ይካሄዳል። ዘራፊዎች ቤቷን የወረሩባት መበለት የደፈራትን ሰው አንገት ቆርጣ፣ ራሱን ይዛ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ትጓዛለች፤ እዚያ ፖሊሶቹ ጠረጴዛ ቴኒስ ጨዋታቸውን እስኪጨርሱ ትጠብቃለች። ደም በሁለቱም ፊልሞች አለ፤ በማርሊና ግን እያንዳንዱ ጥቃት ከመሬቱ፣ ከልማዱና ከመንግሥት ቸልተኝነት ጋር የተጋመደ በመሆኑ ከፊልሙ በኋላም ያነጋግራል።

ሁለተኛው መልስ ጉድለቱን በዳይሬክተሩ ባዕድነት ያሳብባል፤ አገሩን የማያውቅ ሰው አገሩን ሊያሳይ አይችልም ይላል። ይህ ቀላል ምክንያት ግን ከማስረጃው ጋር አይሄድም። ይኸው ኤቫንስ በ«መራንታው» ታሪኩን የጀመረው ከምዕራብ ሱማትራ የሚናንግካባው ማኅበረሰብ፣ ወጣቶች ራሳቸውን ለማብቃት ከቀያቸው ርቀው ከሚሄዱበት ልማድ ነው። አገር ማሳየት ይችል ነበር፤ በ«ዘ ሬይድ» ግን ላለማሳየት መረጠ። ኢንዶኔዥያዊው ቲሞ ቻህያንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 በሠራው «ዘ ናይት ከምስ ፎር አስ» ውስጥም ደሙ በዝቶ መቼቱ እንደሳሳ ነው። ጉዳዩ የዜግነት ሳይሆን የምርጫ ነው። ምርጫው ፊልሙን ለዓለም ገበያ አቅልሎለታል፤ አገር የሌለው ድብድብ በየትኛውም ቋንቋ ይገባልና። ዋጋውን ግን ባለሙያዎቹ ከፍለዋል። ኡዋይስና ሩሂያን እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የ«ስታር ዋርስ» ፊልም ውስጥ ሲካተቱ የተሰጣቸው ጥቂት ደቂቃ ነበር፤ ያን ሁሉ ችሎታቸውን የሚያሳዩበት ድብድብ እንኳ አላገኙም። ከአገሩና ከታሪኩ የተነጠለ ገላ በሌላ ሰው ፊልም ውስጥ ማጀቢያ መሆኑ አይቀርም።

ሦስተኛው ግን መልስ ሳይሆን ተቃውሞ ነው፤ ከራሳችን ምድር የሚነሣ ነውና ከሁሉም ይከብዳል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአጎራባች ወረዳዎች የደረሰውን ጥፋት፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት ከሚሴ ድረስ መዝለቁን ላየ ሕዝብ ቆንጨራና ጥይት የሞላበት ፊልም ምን ይፈይዳል? ባይታይስ ይሻላል የሚል ሊኖር ይችላል። ስጋቱ ተገቢ ቢሆንም መደምደሚያው ትክክል አይደለም። ግፍን ያየ ማኅበረሰብ በፊልም ስለ ግፍ የሚቀርበውን ሁሉ የመመርመር መብትም ብቃትም አለው። ሊያነሣው የሚገባው ጥያቄ ከመግደሉ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ነው። «ዘ ሬይድ» ውስጥ የሞተ ሰው ለቅሶ የለውም፤ እናት የለችውም፤ ደሙን የሚጠይቅ ዘመድም የለውም። በወሎ ግን ደም ሲፈስ ነገሩ እዚያው አያበቃም፤ የአበጋር ሽምግልና አለ፣ በኦሮሞ ባህል የጉማ ሥርዓት አለ፤ ገዳይና የሟች ወገን ፊት ለፊት የሚቀመጡበት፣ ካሳ የሚቆረጥበት፣ እርቅ የሚወርድበት ረጅም ሂደት አለ። የኢትዮጵያ ሲኒማም ይህን ጥያቄ ገና በጠዋቱ አውቆታል፤ ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ አጋማሽ የሠራው «ጉማ» የደም በቀልን ጉዳይ ያነሣ ነበር። በዚህ ሚዛን «ዘ ሬይድ» የሚወቀሰው ደም በመብዛቱ ሳይሆን ደሙ ዋጋ የሌለው በመሆኑ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ፊልም የሚወሰደው ምንድን ነው? ከ1990ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው የአማርኛ ፊልም አዲስ አበባን ማዕከል አድርጎ በአብዛኛው በፍቅርና በኮሜዲ ላይ አተኩሯል፤ አክሽን ሲሞከርም የውጭውን ካራቴና የመኪና ማሳደድ በአነስተኛ አቅም መቅዳት ይቀናዋል። «ዘ ሬይድ» የሚያስተምረው የዚህን ተቃራኒ ነው፦ በእጅ ያለ ጥበብ ይፈለግ፣ ባለቤቱ ራሱ ካሜራ ፊት ይቁም፣ ከቀረጻ በፊት በርካሽ ካሜራ በቂ ልምምድ ይደረግ፣ ቦታው ይጥበብ። ሞገስ ታፈሰ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው «ቁራኛዬ» ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ታስረው ወደ ፍርድ የሚጓዙበትን የቀድሞ ልማድ የፊልሙ ሞተር አድርጎታል። የኤቫንስ ተፋላሚዎች በሕንፃ ተዘጉ፤ የሞገስ ገጸ ባሕርያት በሰንሰለት ተቆራኙ። ጠባብነቱ ተመሳሳይ ሲሆን የሁለተኛው ጠባብነት ግን ከአገሩ የፍትሕ ታሪክ የመነጨ ስለሆነ እያንዳንዱ እርምጃ ስለ ማኅበረሰቡ ይናገራል። ስለዚህ የገላን ጥበብና አገርን በአንድ ላይ መያዝ አይቻልም የሚለው ሐሳብ በእኛው ቋንቋ ውድቅ ሆኗል።

በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚሆን ቦታ ሞልቷል። አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ግመልና ከብት እየነዱ የሚገናኙበት የባቲ የሰኞ ገበያ አለ፤ የሰንበቴ የእሑድ ገበያ አለ፤ በበጋ የበርካታ አርብቶ አደሮች መንጋ ለግጦሽና ለውሃ የሚሰበሰብበት፣ ቦርከና የሚያረሰርሰው የጨፋ ሜዳ አለ። በእነዚህ ቦታዎች ግጭትም እርቅም፣ ንግድም ጋብቻም በአንድ ላይ ይኖራሉ። ባቲ ከአራቱ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች አንዱ በስሟ የሚጠራ ከተማ ናት፤ ለፊልም የሚሆን ድምፅ ከሌላ መዋስ አያስፈልጋትም። ጥንቃቄው ግን ገበያውን የድብድብ ማድመቂያ እንዳያደርጉት ነው። ያኔ የ«ዘ ሬይድ»ን ስም የለሽ ነዋሪዎች በአገር ልብስ አስጊጦ ከመድገም አያልፍም። ነጋዴው ምን እንደሚሸጥ፣ ከማን ጋር ደም እንደተቃባ፣ ማን እንደሚያስታርቀው ያልታወቀበት ገበያ መቼት ሊባል አይችልም።

በድምሩ «ዘ ሬይድ» በድብድብ ቀረጻ ረገድ በዚህ ክፍለ ዘመን ከተሠሩት ምርጥ ፊልሞች አንዱ ነው፤ በሰው ታሪክነቱ ግን ግማሽ ሥራ ነው። አድናቂዎቹ ስለ ገላው ያሉት እውነት ነው፤ ኢበርትም ስለ ሰብአዊነት የጠየቀው ተገቢ ጥያቄ ነበር፣ የተሳሳተው ገላውንም ከሰብአዊነት ውጭ በማድረጉ ነው። በከሚሴም ሆነ በባቲ ካሜራ ለማንሣት የሚያስቡ ወጣቶች ይህን ፊልም ሁለት ጊዜ ቢያዩት መልካም ነው፤ አንድ ጊዜ ተፋላሚዎቹ እንዴት እንደተቀረጹ ለማጥናት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከሞቱት መካከል ስማቸውን የምናውቃቸው ስንቶቹ እንደሆኑ ለመቁጠር። በሁለተኛው እይታ ባዶ ሆነው ያገኟቸውን ቦታዎች መሙላት የእነርሱ ድርሻ ነው።